ፌስታል የለበሰ ኮርቻ

ሳውዲ፣ ጂዛን ባለችው ባይሽ ውስጥ የሰውን አገር ማወቅ የፈለገ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) መጠየቅ አያስፈልገውም። አመሻሽ ላይ በበቃላው (በሸቀጥ ሱቁ) ደጃፍ የተደገፉትን ብስክሌቶች ኮርቻ አየት ማድረግ ይበቃዋል። ወፈር ባለ ጨርቅ ተሸፍኖ ዙሪያው በጥንቃቄ ከተሰፋ ባለቤቱ ባንግላዴሽ ነው። ጫፉ ላይ ዘርፍና የሚያብረቀርቅ ነገር ከተንጠለጠለበት ፓኪስታን ነው፤ የጭነት መኪናውን እንኳ ሥዕልና ጌጥ ሳያለብስ መንገድ የማያስወጣ ሕዝብ ኮርቻውን እንዴት ራቁቱን ይተወዋል? ጥቁር ፌስታል ለብሶ፣ ፌስታሉ በናስትሮ ተጠፍሮ፣ ናስትሮው ሲላላ ሌላ ፌስታል ተደርቦበት፣ እሱም በሌላ ናስትሮ ከታሰረ ግን ክርክር የለውም፤ የሐበሻ ነው።

ይህን የምለው ወገኔን ለማማት አይደለም፤ የኔም እንደዚያው ነበር። ስንፍናም አይደለም። ነገሩ፣ ሐበሻ ባይሽ ውስጥ አይኖርም፤ ሊሄድ ነው። ሁሉም በሚመጣው ዓመት ይሄዳል። ማንጎ የሚጠብቀውም፣ ፍየል የሚያግደውም፣ መኪና የሚያጥበውም “ይቺን ዓመት ብቻ” ብሎ ነው የተቀመጠው። አንዳንዱ ዘንድ ያቺ ዓመት ልጅና የልጅ ልጅ አፍርታለች። ታዲያ በሚመጣው ዓመት ለሚሸጥ ብስክሌት ማን ኮርቻ ያድሳል? አልጋ አንገዛም፤ ፍራሽ መሬት ላይ እንዘረጋለን። ቁም ሳጥን አንገዛም፤ ሚስማር እንመታለን። ኮርቻ አናድስም፤ ፌስታል እናለብሳለን።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከመምህሩ እስከ ዶሮ ነጋዴው በብስክሌት ነው የሚሄደው። ዶሮዎቹም ቁልቁል ከመሪው ላይ ተንጠልጥለው የዘንባባውን ጥላና የጣናን ነፋስ በነፃ እያጣጣሙ ይጓዛሉ። እዚያ ኮርቻ ሲቀደድ የሰፈሩ ጠጋኝ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰፋልሃል፤ ሒሳቡም ከወሬው አይበልጥም። ባይሽ ግን ብስክሌት ከማደሪያ መዝረዓ (እርሻ)፣ ከመዝረዓ ማደሪያ የሚያመላልስ የሠራተኛ እግር ነው። የአገሩ ልጅ ሂሉክሱን አስነስቶ አቧራውን አልብሶህ ያልፋል። አንተ ታነጥሳለህ፤ ፌስታልህም ይንኮሻኮሻል።

ስለ ብስክሌት ሲወራ ኮርቻን የሚያነሳ የለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤታችን፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ፣ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። ስለ እግራቸው ተወራ፤ ስለ ሳንባቸውና ስለ ልባቸው ተጻፈ። ያ ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጋለበው ግን ተቀምጦ ነው። “ለመሆኑ መቀመጫህ እንዴት ነው?” ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ነውር ሆኖበት ይሆናል።

ያልነወረው አንድ እንግሊዛዊ ነው። ጆን ቦልትቢ ብሩክስ የተባለ የበርሚንግሃም ቆዳ ሠሪ ፈረሱ ሞተበትና ብስክሌት ተዋሰ ይባላል። የዚያን ዘመን መቀመጫ ደግሞ እንጨት ቢጤ ነው። ሰውዬው ፈረሱን አስታውሶ ሳያለቅስ አልቀረም። ከዚያ በ1882 እ.ኤ.አ. ከወፍራም ቆዳ የተወጠረ ኮርቻ ሠርቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ድርጅቱ እስከ ዛሬ ኮርቻ ይሸጣል። እንግዲህ ፈረስ የሞተበት እንግሊዛዊ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት የጨረሰውን ጉዳይ ነው እኛ ባይሽ ላይ በፌስታል የምንከራከረው።

ኮርቻ ባይሽ ላይ በጊዜው አይሞትም፤ ይቀጫል። ርካሹ ኮርቻ የሚለብሰው ቆዳ መሳይ ነገር ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ብቻውን ደረቅ ነው፤ ልስላሴው የሚመጣው ከተጨመረበት ማለስለሻ ነው። የጂዛን ፀሐይ ያንን ማለስለሻ ቀስ በቀስ ታተነዋለች። ከዚያ ቆዳው ይደርቃል፤ መጀመሪያ የኮርቻው አፍንጫ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታያለህ፤ ናቅ ታደርጋታለህ። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ደግሞ ሙቀት ብቻውን ቢሆን ይችለው ነበር፤ ባይሽ ግን ለቀይ ባሕር ቅርብ ናት፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ሙቀትና እርጥበት የተባበሩበት ስፖንጅ ይፈረፈራል። ስትቀመጥ በስንጥቁ በኩል “ፍፍፍ” ብሎ ይተነፍስና ቢጫ ዱቄት ሱሪህ ላይ ይነፋል። ካፊያ የነካው ቀን ደግሞ የጠጣውን ውሃ ስትቀመጥበት ይመልስልሃል። እርጥብ ሱሪ ለብሰህ መዝረዓ ስትገባ ፊት ለፊት የሚጠይቅህ የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ነገር ያስባል።

የሚያስቀው ደግሞ ከባይሽ ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ በቀን 400,000 በርሜል ድፍድፍ የማጣራት አቅም ያለው ፋብሪካ ቆሟል። የስፖንጁ ዘር ከነዳጅ ነው። የፒቪሲው ዘር ከነዳጅና ከጨው ነው። ነዳጁ እዚያ፣ ጨው ያዘለው ባሕር ከጎኑ፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱ ትንሽ ራቅ ብዬ አንድ ክንድ ስፖንጅ አጥቼ በብረት ላይ ተቀምጬ።

“ታዲያ አዲስ አትገዛም?” የሚል አንባቢ ስደት አያውቅም። አዲስ ኮርቻ 40 ሪያል ነው ብሎኛል የባይሽ ብስክሌት ጠጋኝ። ብዙ አይደለም። ግን ስደተኛ በሪያል አይገዛም፤ በሪያል ይከፍልና በብር ያለቅሳል። ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 3 ነጥብ 75 ላይ ተቸንክሯል፤ ንቅንቅ አይልም። ብራችን ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የኮርቻው ዋጋ ስድስት መቶ ብር ትንሽ ያልፍ ነበር። ቢንያም አረንጓዴ ማሊያውን በለበሰ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ዶላር መቶ ብርን አለፈ። ባይሽ ያለው ኮርቻ ዋጋው አልተነካ፣ ከተሰቀለበት አልወረደ፣ አቧራውም አልተራገፈ፤ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን ከሺህ ብር በላይ ገባ። በሺህ ብር አገር ቤት ስንት ነገር ይገዛል እያልኩ ፌስታሌን አጠበቅሁ።

ፌስታል ግን የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ከላይ ዝናብ ይከላከላል፣ ከታች ላብ ያጠራቅማል። በቀትር የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና ሱሪህን ይይዛል፤ ልትወርድ ስትል ብስክሌቱ አብሮህ ይነሳል። አሮጌ ቲሸርት ሞከርን፤ ላብ ጠጥቶ አቧራ በላና ጠንክሮ ኮርቻውን ራሱ ወቀረው።

አንድ ክፍል የምንጋራ የወሎ ሰው አሉ፤ መካ ደርሰው ስለመጡ ሁላችንም “ሐጂ” ነው የምንላቸው። እሳቸው የአረፋ ሰሞን መላ አመጡ።

“አንተ ልጅ፣ ወሎ በበቅሎ ኮርቻ ላይ ምን ይነጠፋል?”

“አጎዛ ነዋ፣ ሐጂ።”

“ታዲያ ይኸው አገሩ ሙሉ በግ ሲያርድ ዋለ። ለምዱን ሰው ሲጥለው እያየህ በፌስታል ትሰቃያለህ?”

“እሱስ አንቱ ካሉ…” አልኩና ተስማማሁ።

ለምዱን ጨው ነስንሰን ጣራ ላይ አሰጣነው። አጎዛ የደጋ ብልሃት ነው፤ እዚያ ብርዱም ነፋሱም ያግዙታል። ባይሽ ላይ ሥጋው በወጉ ያልተፋቀ ለምድ በሁለት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ይቀይራል። ለስላሳ ነበር፤ በልስላሴው ሐቅ አልነፍገውም። ግን የሰፈሩ ድመት በሙሉ ኮርቻዬን ወደደው። ቆሜ ስጠብቅ ይከቡኛል፤ ስነዳ እየሮጡ ይከተሉኛል። አንድ ቀን በቃላው በር ላይ ሆኖ ሰልፉን ያየ ባንግላዴሻዊ ጠጋኝ “ሰዲቅ (ወዳጄ)፣ ዓሣ ትሸጣለህ?” አለኝ። ሐጂ ራሳቸው “ወላሂ፣ ቅበረው” ብለው ፈረዱ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የተነሳሁት። የአልጋ ጎረቤቴ በጣም ተቃወመ። “ለማን ብለህ ነው? በሚመጣው ዓመት ልትሄድ አይደል እንዴ?” እስክሄድ ድረስ በምን ልቀመጥ ብዬ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም፤ ተጠቅልሎ ተኛ።

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መቁረጥም መስፋትም አይደለም፤ የራስን መቀመጫ ማወቅ ነው። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ሁለት አጥንቶች ናቸው፤ ጠንካራ ነገር ላይ ስትቀመጥ ግራና ቀኝ የሚጎረብጡህ እነሱ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሥጋ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ነውና ጫና አይወድም። ኮርቻ በጣም ሲለሰልስ ታዲያ አጥንቶቹ ይሰምጡና ጫናው በሙሉ መካከሉ ላይ ይወድቃል፤ ሃያ ደቂቃ ነድተህ ስትወርድ ታችህ ደንዝዞ የሚቀረው ለዚህ ነው። የተጎዳ ሰው ሁሉ ስፖንጅ ላይ ስፖንጅ ይደርባል፤ የባሰ ይጎዳል።

የአጥንቶቹን ርቀት ለማወቅ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም። ከበቃላው ወፍራም ካርቶን ለምነህ ደረጃ ላይ አንጥፍ፤ ተቀመጥበት፤ ተረከዝህን ከፍ፣ ወገብህን ጎንበስ አድርግና ቆይ። ስትነሳ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ታገኛለህ። መካከላቸውን በሜትር ለካው፤ የአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። የኮርቻህ ጀርባ ከዚያ ሰፋ ማለት አለበት።

ይህን ክፍላችን ደረጃ ላይ ስሠራ አንዱ መጥቶ ምንድን ነው አለ። ነገርኩት። “የኔንስ?” አለ። ከዚያ ተኝቶ የነበረው ተቃዋሚዬም ተነሳ። በአንድ አፍታ የክፍሉ ሰው በሙሉ በየተራ ካርቶን ላይ እየተቀመጠ ይለካል፤ እኔ በእስክሪብቶ ስም እጽፋለሁ። ብስክሌት የሌለውም ተለካ። ሐጂ “እኔ ሽማግሌ ሰው ምን አለኝ” ብለው ሲግደረደሩ ቆይተው በመጨረሻ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ፤ ከሁሉም ሰፊ የእሳቸው ሆነ። “ድሮም ወሎ ሰፊ ነው!” ብለው ደስ አላቸው። ነገሩ ወደ ክፍለ ሀገር ክርክር ሊዞር ሲል የቤቱ ጠባቂ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ ተመለከተን። ጎልማሶች ተሰልፈው ካርቶን ላይ ቁጭ ብድግ ይላሉ። ምንም አልጠየቀም፤ “ላ ኢላሀ ኢለላህ” ብሎ ሄደ።

ስፖንጁን ያገኘሁት ጎረቤት ከመጅሊሱ አውጥቶ ከጣለው መከዳ ነው። የመጅሊስ ስፖንጅ የታመቀ ነው፤ እንግዳ እየመጣ ሰዓታት እንዲቀመጥበት ተብሎ የተሠራ ነውና በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ሁለት ጣት ውፍረት በቂ ነው። በረጅም የዳቦ ቢላዋ፣ ሳይጫኑ እያንሸራተቱ ከቆረጡት ጠርዙ ቀጥ ይላል፤ በመቀስ ከሆነ ይነጨጫል።

ለቆዳው ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ ወረድኩ፤ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ፓኪስታናዊ አለ። ቁርጥራጭ ሰጠኝ፤ ዋጋ ስጠይቀው ብስክሌቴን አይቶ በእጁ “ሂድ፣ ሂድ” አለኝ። ቀለሙ የወይን ጠጅ ነው። የላንድ ክሩዘር ቅሪት መሆኑን ስሰማ ደረቴን ነፋሁ፤ እኔና አንድ የማላውቀው ሼህ አንድ ቆዳ ላይ እንቀመጣለን ማለት ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ። ኮርቻውን ከቱቦው ጋር የያዘው ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ 13 ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ 14 ይሆናል። የባሕር አየር ያገኘው ዳዶ ዝገቱ ከብረቱ ይበልጣልና አትታገለው፤ ዘይት ጠብ አድርግበትና አሳድረው። ሞላዎቹንም አብረህ ቀባ፤ የሚጮኸው ብስክሌቱ ሳይሆን እነሱ ናቸው። ኮርቻውን ገልብጠህ የቆዳውን ጠርዝ የያዙትን ሽቦዎች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቅቅ። አሮጌውን ቆዳ ግን እንዳትጥለው፤ ልኩ እሱ ነው። አዲሱ ላይ ዘርግተህ በዙሪያው ሦስት ጣት ጨምረህ ቁረጥ።

ማስቲሽ ስትቀባ ሁለቱንም ፊት ነው፤ ስፖንጁንም ቆዳውንም። ከዚያ ወዲያው አለማጣበቅ። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እርጥቡን ይለጥፍና ይንሸራተትበታል። በጣትህ ስትነካው እስከማይዝህ ድረስ ጠብቅ። በባይሽ ቀትር ግን መጠበቂያ ጊዜ የለም፤ ብሩሹ ከቆርቆሮው ሳይወጣ ይደርቃል። ከዒሻ ሶላት በኋላ ውጭ ሆነህ ሥራ። ሽታው ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይወዳልና ሲጋራ የሚያጨስ አማካሪ ካለህ አርቀው።

ውጠራው ከአፍንጫው ይጀምራል፤ ከዚያ ጀርባው፤ ከዚያ ግራና ቀኝ በየተራ። በአንድ ወገን ብቻ ከሳብክ ኮርቻው ይንሻፈፍና ዕድሜ ልክህን ዘመም ብለህ ትነዳለህ። ጥግ ላይ ሲታጠፍ የሚሰበሰበውን ቆዳ ከሥር በኩል ቀደድ ቀደድ አድርገው፤ እጥፋቱ ይተኛል። አፍንጫው ላይ አልቃና ካለ ሌላው አገር ሰው የፀጉር ማድረቂያ ይፈልጋል፤ እኛ ጧት ፀሐይ ላይ ትንሽ እናስቀምጠዋለን፣ ይለሰልስና እሺ ይላል። ፀሐይዋ ያበላሸችውን እንድትጠግን ማድረግ ደስ ይላል። ጠርዙን በወስፌ እየበሳሁ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሰፋሁት፤ ክር ላብ ያበሰብሰዋል፣ ናይለን ግን ጣትን ካልቆረጠ በቀር እንከን የለውም።

ሲመለስ ደግሞ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ግማሽ ውሃ ያለበትን ጠርሙስ ኮርቻው ላይ በርዝመቱ አጋድም፤ ውሃው ወደ አፍንጫው ከሮጠ አንተም ወደ መሪው ስትንሸራተት ትውላለህ። ከፍታውን ለማወቅ ተቀምጠህ ተረከዝህን ታች ባለው ፔዳል ላይ አሳርፍ፤ ጉልበትህ ከተዘረጋ ልክ ነው። ብዙ ሐበሻ መሬት ለመርገጥ እንዲመቸው ኮርቻውን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀይ ሽንኩርት ይቀባል።

ማታ እናቴ ደወለች። “ልጄ፣ ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?”

“ኮርቻ ሳድስ፣ እማዬ።”

ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ፣ “ፈረስ ገዛህ?” አለች። የብስክሌት ነው ብዬ ሳስረዳት ስልኩ ተቆራረጠ። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ “ፈረስ ገዛህ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ለኔም ትንሽ ላክ” የሚል የድምፅ መልእክት ላከልኝ። የሰማው ሁሉ የጠየቀኝ ገንዘብ ቢደመር በእውነትም ፈረስ ይገዛል።

ተቃዋሚዬ ሦስተኛ ቀን ላይ ብስክሌቴን ለበቃላ ተዋሰ፤ በቃላው ሁለት ደቂቃ ነው፣ እሱ አንድ ሰዓት ቆየ። ሲመለስ ምንም ሳይል የራሱን ኮርቻ ፈትቶ አመጣ። ሐጂ ብስክሌት የላቸውም፤ ልካቸው ግን ካርቶኑ ላይ ስላለ ሊገዙ ነው፤ ለዚህች ዓመት ብቻ ነው ብለዋል።

እናንተም ባይሽ፣ ሰብያ፣ አቡ ዓሪሽ ወይም ሳምጣ ያላችሁ፣ ፌስታሉን ፍቱት፤ ከማስቲሹና ከናይለኑ በቀር ወጪ የለውም። አንድ አደራ ብቻ፦ የማስቲሹን ክዳን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ጎረቤት ሊዋስ ሲመጣም ቆርቆሮውን አትስጡት፤ ይዛችሁ ሂዱና ራሳችሁ ቀቡለት። እዚህ አገር ክፍት ያደረ ማስቲሽ ጧት ድንጋይ ነው።